ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፦ የሸርጣን ፍልሚያ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ጌም ሠሪዎች ምን ያሳያል?

ሁለት ሸርጣኖች ተፋጥጠዋል። አንደኛው በቀኝ መቆንጠጫው ጎራዴ፣ በግራው መጥበሻ ይዟል። ሁለተኛው መዶሻ አንሥቶ በጎን እየተንገዳገደ ይመጣል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድም ነው። ሆኖም «ፋይት ክራብ» የተባለው ይህ የጃፓን ጌም በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ለኮምፒውተር ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኒንቴንዶ ስዊች ተሻግሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ተከታዩ ለገበያ ቀርቧል። ከሳቅ ያለፈ ነገር ባይኖረው ኖሮ የመጀመሪያው ሳቅ ሲያልቅ አብሮ ባለቀ ነበር።

ባሕር የሚባል ነገር በፎቶ እንጂ በዓይኑ ላላየ የሆሳዕና ወጣት የሸርጣን ጌም ምኑ ነው ያሰኛል። ጌሙን ሆሳዕና ውስጥ ፈልጎ ማግኘትም ቀላል አይሆንም። ቁም ነገሩ ግን ጌሙ የተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች፣ ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ እንግዳ ሐሳብ፣ ያንንም ሐሳብ ሳያፍሩ እስከ መጨረሻው መግፋት። ይህ መንገድ በዓለም ላይ እየሰፋ ሲሄድ እንደ ሆሳዕናና ዱራሜ ያሉ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች የተጫዋችነቱን ቦታ ብቻ ይዘው ቀርተዋል። እንዲህ የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው በእውቀት ማነስ አይመስለኝም።

ሳቁ ሲያልቅ የሚቀረው ሕግ

ፋይት ክራብን የሠራው ካላፓ ጌምስ የተባለ ትንሽ ቡድን ነው። ከሱ በፊት በዚያው ጃፓን «ኤስ ኦፍ ሲፉድ» የተባለ ሌላ እብደት ወጥቶ ነበር። እዚያ ሳልሞን፣ ሻርክና ሸርጣን በመንጋ እየተሰለፉ በጨረር ይታኮሳሉ። አስቂኝ ጌም በየዓመቱ ብዙ ይወጣል፤ አብዛኛው የሚረሳው ግን ከቀልዱ ሥር የረባ ሕግ ስለሌለው ነው።

የፋይት ክራብ ሕግ ግን ጠንካራ ነው። በአብዛኛው የድብድብ ጌም የተጋጣሚው ጉልበት እየቀነሰ ሄዶ ባዶ ሲሆን ይሞታል። እዚህ ሸርጣን በምት ብዛት ብቻ አይሸነፍም። በተመታ ቁጥር ጉዳቱ በመቶኛ ይጨምራል፤ ጉዳቱ በጨመረ ቁጥር ለመገልበጥ ይቀላል። የሚሸነፈው በጀርባው ተገልብጦ ሦስት ሰከንድ ሳይነሣ ሲቀር ነው። ግራና ቀኝ መቆንጠጫዎቹ ለየብቻ ስለሚታዘዙ ተጫዋቹ ሁለት እጁን እንደ ሁለት ሰው ማሠራት አለበት። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል፤ አንዱ ይመክታል፣ ሌላው ከሥር ገብቶ ያነሣል።

ከብት ሲጠብቅ ላደገ ሰው ይህ ሕግ አዲስ አይደለም። በእረኞች ትግል ማንም ማንንም ደብድቦ አያሸንፍም። ወገብ ይያዛል፣ እግር ይጠለፋል፣ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ጨዋታው የሚጣፍጠውም ትንሹ ልጅ ትልቁን በብልሃት ሊጥለው ስለሚችል ነው። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ያደረገው የሸርጣንን አካል አይቶ ደካማ ጎኑን መለየት ነው፦ ከላይ ድንጋይ የሚያህል ቅርፊት አለው፤ ከተገለበጠ ግን ለመነሣት ይቸገራል። ሕጉን ያገኘው ከሌላ ጌም ቀድቶ ሳይሆን ከፍጥረቱ ነው። እንግዳ የሚመስሉ ጌሞች ሲሳካላቸው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። አንድን ነገር በቅርብ ያስተዋለ ሰው ከዚያ ነገር ውስጥ ሕግ ያወጣል።

ሌሎቹንም የባሕር ጌሞች ማየት ይቻላል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አግሮ ክራብ የተባለ የአሜሪካ ቡድን ያወጣው «አናዘር ክራብስ ትሬዠር» ጀግናው ክሪል የሚባል ትንሽ ሸርጣን ነው። ግብር አለብህ ተብሎ ቅርፊቱን ይወረሳል፤ ከዚያ ባሕር ወለል ላይ የተጣለ ጣሳ፣ ኩባያ፣ ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ እንደ ጋሻ እየለበሰ ይዋጋል። የዚህ ዓይነቱ ሸርጣን በተፈጥሮውም የሌላ ፍጥረት ባዶ ቅርፊት ፈልጎ የሚገባ ነው። ጌሙ ከዚያች አንዲት ጠባይ ተነሥቶ የጦር መሣሪያውንም፣ ታሪኩንም፣ ስለ ባሕር ብክለት የሚናገረውንም አወጣ። ስለ ግብሩ ቀልድ ለአገራችን ነጋዴ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«ዴቭ ዘ ዳይቨር» ደግሞ ቀን ጠልቆ ዓሣ እያደነ ማታ ሱሺ ቤት ስለሚያሠራ ወፍራም ጠላቂ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሙሉ ሥሪቱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጠቃላይ ሽያጩ 1 ሚሊዮን ቅጂ ደርሷል። ይህን ግን ከሁለቱ ጋር አንድ ላይ መደርደር ያስቸግራል። ከጀርባው ኔክሰን የተባለው ደቡብ ኮሪያ ላይ የተመሠረተ ግዙፍ ኩባንያ አለ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም አቀፉ የጌም ሽልማት ከገለልተኛ ሠሪዎች ተርታ ሲታጭ ብዙ ያነጋገረውም ይኸው ነበር። ትልልቆቹ የትንንሾቹን መልክ መልበስ መጀመራቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ እንግዳ ሐሳብ ገበያ እንዳለው ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ባሕር የሌለው ከተማ፣ ሻርክ ያለው ስልክ

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺሕ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ውኃ ሻሾጎ ወረዳ ያለው የቦዮ ሐይቅና በምዕራብ በኩል የሚያልፈው ኦሞ፣ ከሱም ጋር የጊቤ 3 ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ጨዋማውን ውኃ ብዙዎች የሚያውቁት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ደርባን ወይም ኬፕታውን የደረሰ ወንድም ከላከው ፎቶ ነው።

የባሕር ፍጥረት ፍልሚያ ግን ወደነዚህ ከተሞች ከገባ ቆይቷል። የገባው በኮምፒውተርና በስልክ ነው። ትንሽ ዓሣ ከሷ ያነሱትን እየበላች የምታድግበት «ፊዲንግ ፍሬንዚ» በ1990ዎቹ ማብቂያ በየኢንተርኔት ካፌውና በየቢሮው ኮምፒውተር ዙማ ከተባለው ሌላ ጌም ጎን የማይጠፋ ነበር። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ተራው የ«ሀንግሪ ሻርክ» ሆነ። የለንደን አንድ ትንሽ ድርጅት ሠርቶት በኋላ በፈረንሳዩ ዩቢሶፍት የተገዛው ይህ ጌም አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የዳታ ወጪ ለሚያስጨንቀው ልጅ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው።

ጌሙ የሚሰራጭበት መንገድ ከጌሙ የበለጠ ሊጠና ይገባዋል። ልጁ ጌሙን ከፕሌይስቶር አያወርደውም። ጓደኛው ዜንደር በተባለው የፋይል ማጋሪያ ይልክለታል፤ ወይም ሞባይል ቤት ሄዶ ሚሞሪውን ሰጥቶ ከዘፈንና ከፊልም ጋር ያስጭናል። ለአስጫኙ ይከፈላል፣ ለሠሪው ግን አይከፈልም። ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር ማን ሠራው የሚለው ጥያቄም መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ትውልድ ጌም ከሰማይ የሚወርድ እንጂ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሠራው ዕቃ እንዳልሆነ እያሰበ ያደገው በዚህ የተነሣም ይመስለኛል።

ሌላው መግቢያ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። መጋረጃ የተጋረደበት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ላስቲኩ ተልጦ ያለቀ ጆይስቲክ፣ ከጀርባ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ሒሳቡ በጌም ነው፤ በብዙ ቤት ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። የሚጫወቱት ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኳስ። ስለ ማንቼና አርሴናል የሚነሣው ክርክር ከፕሪሚየር ሊግ አይተናነስም።

ታዲያ እዚያው ከተማ ሀዲያ ሆሳዕና የሚባል፣ ደጋፊዎቹ «ነብሮቹ» የሚሉት፣ በአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሚታወቅ ክለብ አለ። ልጁ እሑድ ለዚያ ክለብ ሲጮኽ ይውላል፤ ሰኞ ጆይስቲክ ሲይዝ ግን ክለቡ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የኢትዮጵያ ሊግ በእነዚያ ጌሞች ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ለመግባትም መብት ተሸጦ፣ ተጫዋቾች ፎቶ ተነሥተው፣ ገበያው ተመዝኖ ነው፤ ለዓለም ገበያ የሚሠራ ድርጅት ለሆሳዕና ሲል ይህን ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የጎደለውን የሚሞላ ከዚህ ካልተነሣ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

«አዋኪ» እና «ኮደር»

መንግሥት ጌምን የሚያውቅባቸው መዝገቦች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የአዋኪ መዝገብ ነው። በትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ፑል ቤትና ፕሌይስቴሽን ቤት የመማር ማስተማሩን ሥራ ያውካሉ ተብለው በአንድ ዘመቻ ይታሸጋሉ። ወላጅም መምህርም የሚደግፉት እርምጃ ነው፤ ከክፍል የቀረ ልጅ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ቢሆንም ሰሌዳ ላይ ያለ ትምህርት ያልያዘውን ልጅ ሰዓታት የሚይዘው ነገር ምን እንደሆነ የጠየቀ ዘመቻ አላየሁም።

ሁለተኛው የዲጂታል ክህሎት መዝገብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ፕሮግራሚንግን፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራን፣ ዳታ ሳይንስንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በኦንላይን ያስተምራል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆሳዕና ባለው ዋና ግቢና በዱራሜ ካምፓሱ ወጣቶችን ያስተምራል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከትላንት ዛሬ ይበዛል፣ ነገም ይበዛል።

ችግሩ ሁለቱ መዝገቦች አለመተዋወቃቸው ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውለው ልጅ የትኛው ጌም እንደሚጣፍጥ፣ የትኛው በሦስተኛው ቀን እንደሚሰለች በደንብ ያውቃል፤ ኮድ ግን አያውቅም። ሰርተፊኬት የያዘው ኮድ ያውቃል፤ የመመረቂያ ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም ወይም የፋርማሲ ማስተዳደሪያ ነው። ጌም ሠሪ ከሁለቱም የተሠራ ሰው ነው። በዚያ ላይ ሥዕል የሚሥል፣ ድምፅ የሚቀዳ፣ ሕግ የሚፈትን ያስፈልገዋል። መሣሪያው ዛሬ ሰበብ አይሆንም። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ምንጩም ክፍት ነው፤ ተጠቅመህ ሠርተህ ብትሸጥ ድርሻ የሚጠይቅህ የለም።

ኩኩሉ የጀመረችው መንገድ

በአገራችን ይህን ያየ ሰው አልጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጌም ሠርቷል። ጀግናዋ ከባለቤቷ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት። በዓል ሲደርስ ግቢ ውስጥ ዶሮ ያሳደደ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ሩጫ ገልብጦ ከዶሮዋ ጎን ሆኖ ማየት ነው። ያው ቡድን ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በ2014 ዓ.ም. ከአፍሪካ የተውጣጡ ጌም ሠሪዎች በጋራ ገበያ ለመፈለግ ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን ሲመሠርቱ ኢትዮጵያን ወክሎ የገባውም ቅኔ ነው።

ኩኩሉ ያሳየችው ለሳቅም ለመለየትም ሸርጣን እንደማያስፈልግ ነው። ሆኖም የሩጫው ሕግ፣ ማለትም እየሮጡ መሰናክል መዝለልና ሳንቲም መልቀም፣ ከእሷ በፊት በብዙ ጌሞች የተለመደ ነበር። ገጸ ባሕሪዋ የኛ ናት፣ ሕጉ የተዋሰችው ነው። ቀጣዩ እርምጃ ሕጉም ከዚሁ የወጣ ጌም መሥራት ይሆናል።

ለምሳሌ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለ ማንኛውንም የእንሰት ጓሮ እንውሰድ። እንሰት ለዓመታት የሚጠበቅ የቤተሰብ ሀብት ነው፤ ቆጮውም፣ ቡላውም፣ የሀዲያው አታካናም ከሱ ይወጣል። ጠላቶቹ ሌሊት ይመጣሉ። ጃርት ግንዱን ይበላል። ፍልፈል ከመሬት ሥር ቆፍሮ ሥሩን ይቆርጣል። አሳማ ሲገባ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያወድማል። እያንዳንዱ የራሱ አካሄድ፣ የራሱ ድክመት አለው። ፍልፈሉን የምታውቀው በሚተወው የአፈር ክምር ብቻ ነው፤ ጃርቱ ፊት ለፊት ቢመታ እሾሁ አለ። ባለጓሮው በአንድ ሌሊት ሦስቱንም መጠበቅ አይችልም። የትኛውን እንሰት አስቀድሞ ይፍቃል፣ የትኛውን ለሚቀጥለው ዓመት ይተዋል የሚለው ምርጫ ደግሞ ተጫዋቹን ከክረምት እስከ ክረምት ያስጨንቀዋል። እዚህ ላይ ሕጉን መፍጠር አያስፈልግም፤ ገበሬው ሲኖርበት የቆየ ሕግ ነው። ተጫዋቹ አሸንፎ መስከረም ሲደርስ ለሀዲያው ያሆዴ፣ ለከምባታው መሳላ በዓል የሚበላው ቢኖረው ሽልማቱም ከዚያው ይመጣል።

ዱራሜ ላይ ደግሞ ሀምበሪቾ አለ። 777 ደረጃ የተሠራለት ተራራ ሆኖ ሳለ እስካሁን የሚያገለግለው ለጎብኚ ፎቶ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ትንፋሽ የሚቀንስበት፣ ጉም ሲወርድ መንገድ የሚጠፋበት የመውጣት ጌም ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ንድፍ ማን ይሰጣል?

ሒሳቡስ?

ይህን ሁሉ ስንል ገበያውን መሸፈን አይገባም። ስቲም በተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ18 ሺሕ በላይ አዳዲስ ጌሞች ወጥተዋል። አብዛኞቹ የሠሪያቸውን የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍኑም። ፋይት ክራብም ቢሆን ስም አገኘ እንጂ ከታላላቆቹ ሽያጭ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከሆሳዕና የሚወጣ ጌም ሀብታም ያደርጋል፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን የስደት መንገድ ያስቀራል የሚል ሰው ካለ ወጣቱን እያታለለው ነው። ያ መንገድ የሥራ፣ የመሬትና የቤተሰብ ተስፋ ጥያቄ ነው፤ ሶፍትዌር ብቻውን አይመልሰውም።

የመግቢያው በርም በዶላር ነው የሚከፈተው። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንዴ 25 ዶላር፣ አፕል ላይ በየዓመቱ 99 ዶላር፣ ስቲም ላይ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል። መደብሮቹ ከሽያጭ የሚወስዱት ድርሻ በተለምዶ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያቺ 25 ዶላር ለተማሪ ኪስ ከበፊቱ የከበደች ሆናለች። አስቂኙ ነገር ዶላሩ ከተማው ውስጥ መኖሩ ነው። ውጭ ካለ ዘመድ የሚላክ ገንዘብ በሆሳዕናና በዱራሜ ፎቅ ያቆማል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ሱቅ ይከፍታል። ከዚያ ላይ ለአንድ ጌም መመዝገቢያ መቀነስ የማይችል ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ያልለመደው ነገር ስለሆነ ግን ልጁ ለመጠየቅ ያፍራል፣ ቤተሰቡም ቁማር ይመስለዋል። ቤቲንግ ቤት በየሰፈሩ በተከፈተበት ዘመን «በጌም ገንዘብ አገኛለሁ» የሚል ልጅ መጠርጠሩም አያስገርምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገበያ ከቅርብ ቢጀመር ይሻላል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የጥቂት ብር ክፍያ በስልክ መላክ የማንም ልማድ ሆኗል። ዜንደር ላይ በነፃ የሚዞረው ቅጂ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ይዞ ቢዞር፣ ቀሪውን መክፈቻ ቁጥር በጥቂት ብር ቢሸጥ፣ እስካሁን ለሠሪው ኪሳራ የነበረው ስርጭት የነፃ ማስታወቂያ ይሆንለታል። ሚሞሪ የሚጭነው ባለ ሞባይል ቤትም ኮሚሽን ቢያገኝ ዋና ሻጭ ይሆናል። ይህ ከጃፓንም ከለንደንም የማይቀዳ፣ የዚህ ገበያ ጠባይ የወለደው አሠራር ነው።

ዩኒቨርሲቲውም የሚያወጣው ብዙ ወጪ የለም። ከመመረቂያ ሥራ አማራጮች መካከል ጌምን ማስገባት፣ ለፈተናውም ከመምህራኑ በተጨማሪ ከፕሌይስቴሽን ቤት አምስት ልጆችን መጋበዝ ይበቃል። መምህሩ ኮዱን ያያል፤ ልጆቹ ደግሞ ጆይስቲኩን በስንተኛው ደቂቃ እንዳስቀመጡት ይታያል። የኋለኛው ፈተና ይከብዳል፤ ውሸትም የለበትም። ብዙ ሥራ እዚያ ላይ ይወድቃል፣ መውደቁም ጥሩ ነው፤ በአንድ ወር የተሠራ ጌም ቢወድቅ የሚያከስረው አንድ ወር ነው። ከውጪ የሚቀዳ ነገር ካለ ካላፓ ጌምስ የጀመረበት ድፍረት ነው። ማንም ያልጠየቀውን ሸርጣን አስተውለው፣ ሊሣቅብን ይችላል ሳይሉ ሕጉን እስከ መጨረሻው ገፉት። የእንሰቱን ጃርት ከሆሳዕና ልጅ የበለጠ የሚያውቀው ጌም ሠሪ በዓለም ላይ የለም፤ ጌሙን ቀድሞ ለመሥራት ከሱ የተሻለ መብት ያለውም የለም።